የአሰፋሽ ሳሎንና የእድሩ ድንኳን

አሰፋሽ ኦይታ ጎረቤቴ ናት። ከእኔ ግቢ የሚለያት አንድ የቆርቆሮ አጥር ስለሆነ ስትስቅም ስትቆጣም አብሬያት ነው የምውለው። እኔ እጅጋየሁ እባላለሁ። ባለቤቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ አርባ ምንጭ ሲመጣ ተከትዬው መጣሁ፤ ጡረታችንም እዚሁ በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላይ አገኘን። ይህን የምነግራችሁ ወሬ ለቃቅሜ እንዳልጻፍኩ እንድታውቁት ነው። የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትንም እሷው ነግራኛለች። አሰፋሽ ነገር በሆዷ አታሳድርም።

የዓሣ ነጋዴ ናት። በጋሞ ደጋ፣ ኦቾሎ፣ ከሸማኔ ቤት ተወልዳ፣ በልጅነቷ ወደ ቆላ ወርዳ፣ ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው። ጎህ ሳይቀድ ሐይቁ ዳር ትቆማለች። ጀልባዎቹ ሲገቡ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከአምባዛው ትለያለች፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ በፒክአፕ አስጭና በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ታራግፋለች። እዚያ ሠራተኛ ሴቶቿ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ፊሌቶ አድርገው ለሆቴሎች ያስረክባሉ። ዕድሜዋን የጠየቃትን ሰው "ጥርሴን አይተህ ገምት" ትለዋለች። ዓሣ ዓሣ ትሸታለች ብለው አፍንጫቸውን የሚይዙም አሉ፤ እነሱን "ጾም ሲገባ ግን ደጄ ላይ ትሰለፋላችሁ" ትላቸዋለች።

ባሏ ጋሽ ሽበሺ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከሰሜን የመጡ መምህር ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ሰው ስለዚህ ያላለው ነገር የለም፤ እነሱ ግን ሲሳሳቁ ነው የኖሩት። ጋሽ ሽበሺ ያረፉ ጊዜ የእድራችን ድንኳን እሷ ግቢ ተተከለ፤ ሰው መጣ፣ ተለቀሰ፣ ድንኳኑም ተነሣ። ግቢው ግን እንደተጠረገ ቀረ። አንድ ክረምት ፓፓያ ብትተክልበት፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጥዑመልሳን ሊጠይቋት መጥተው ሲወጡ ነቅለውት ሄዱ። ለምን ብትላቸው "ኋላ ለድንኳን ያስቸግራል" አሏት። እሷ ያን ጊዜ ጉድጓዱን በእግሯ ደፈነችው። እኔ አለመቆጣቷ ገርሞኝ ነበር።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለግቢው ሰጥቷል። ከግቢው ጫፍ ረጅም የቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ቁልቁለቱ፣ ከቁልቁለቱ በታች ደኑ፣ ከደኑ ወዲያ ሁለቱ ሐይቆች ናቸው፤ በግራ አባያ ቀላ ብሎ፣ በቀኝ ጫሞ ጠራ ብሎ። አሰፋሽ ሳሎኗ ውስጥ ስትቀመጥ የምታየው ግን ቆርቆሮውን ነው። ወንበር ላይ ካልወጣች ውኃ የሚባል አይታያትም።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። "እጅጋየሁ፣ ቤቴን ላድሰው ነው" አለችኝ። ቀለም ልትቀባ መስሎኝ "ደግ ነው፣ ነጣ ያለ ይሁን" አልኳት። "ቀለም አይደለም! ሳሎኑን ወደ ፊት እገፋዋለሁ፣ እስከ አጥሩ ድረስ። ወለሉን ከፍ አደርገዋለሁ። መስኮቱን እንዲህ አደርገዋለሁ" ብላ ሁለት እጇን የቻለችውን ያህል ዘረጋች። "ዕድሜዬን ሙሉ ያን ሐይቅ ቆሜ ነው ያየሁት። እግሬ ጭቃ ውስጥ፣ ዓይኔ ጀልባው ላይ፣ ጆሮዬ አዞው ላይ። አሁን ተቀምጬ፣ እግሬ ደርቆ፣ ምንም ሳልሸጥ ሳልገዛ ላየው እፈልጋለሁ።"

ደስ አለኝ። ሴት ልጅ ለራሷ ብቻ ብላ አንድ ነገር ስትመኝ የሰማሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁላችንም ለልጆች ነው፣ ለእንግዳ ነው፣ ለወግ ነው ስንል ነው የምናረጀው።

አርክቴክቱ ፋኑኤል የሚባል ወጣት ነው። ቢሮው ሲቀላ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የባጃጅ ጡሩምባ፣ ሲዘጋ ሙቀት ነው። መጀመሪያ ቤቷ ድረስ መጥቶ ለካ፣ አፈሩን ቆፈር ቆፈር አድርጎ አየ፣ ቁልቁለቱን ፎቶ አነሣ። ከዚያ ማስታወሻውን አውጥቶ "ማዘር፣ ቤተሰብ ስንት ነው?" አላት።

"አንድ።"

"ከሠራተኛ ጋር?"

"አንድ አልኩህ እኮ። ቆጠርከኝ፤ አለቀ።"

ንድፉን ለማየት አብሬያት ሄድኩ። ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። ልጁ እጁ መልካም ነው፤ የጣሪያው አወራረድ፣ የመስኮቱ አከፋፈት ሁሉ ያምራል። ግን መኝታ ቤቱ ሦስት ሆኗል፣ ሳሎኑ ደግሞ ያው የድሮ ቦታው ላይ ነው። ከፊት ለፊት ወረቀቱን ግማሽ የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል። አሰፋሽ ጣቷን ባዶው ላይ አሳረፈች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"እሱ ክፍት ነው ማዘር።"

"የተጻፈውን አንብብልኝ፤ መነጽሬን አልያዝኩም።"

"ሁለገብ ቦታ ይላል።"

"ሁለገብ ማለት ምን ምን የሚገባበት ነው?"

ፋኑኤል በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "ያው… ለሰርግ…"

"የማን ሰርግ?"

"ለልጅ ክርስትና፣ ለልደት…"

"የማን ልጅ? እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ልጅም የለኝም። ሌላስ?"

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። ምን ልበለው! ድንኳን መትከያ ሳይተዉ ቤት የሚሠራ ሰው አገራችን ውስጥ የለም፤ ለምን እንደተተወ ግን በአፉ የሚናገርም የለም። እሱም እንደተማረው ትቶታል። በመጨረሻ "ማዘር፣ አይክፋዎት፤ ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገው ነው። ያልነገረኝም ኋላ ይወቅሰኛል" አለ።

"የእኔን ለቅሶ ነው እንዴ የሣልከው?"

እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

"አትፍራ፣ ንገረኝ እንጂ። ስንት ሰው ይይዛል?"

ምስኪን ልጅ፣ ለካ የጠየቁትን መመለስ ልማዱ ነው። "ወንበሩ ከተጠጋጋ ብዙ ይይዛል" አላት።

አሰፋሽ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ከዚያ ሳቋን ድንገት አቆመችና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። "ስማኝ ልጄ። ከሳሎኔ የበለጠ ለቅሶዬን አሰፋኸው። ስሞት የሚሆነውን የሚያውቅ ጌታ ነው። አንተ በሕይወት ላለችው ሴት ነው የምትሠራው፤ ደሞዝህን የምትከፍልህም እሷ ናት። ይህን ሰርዘውና ሳሎኔን አምጣልኝ።"

ፋኑኤል እርሳስ አነሣ። እውነቱን ለመናገር እሱም ከዚያ በኋላ ነው የነቃው። ሳሎኑን በአርማታ ምሰሶ ላይ አንሥቶ ወደ ፊት ገፋው። ከቁልቁለቱ ጫፍ በቂ ርቀት ተወ፤ እሷ እስከ ጫፉ ብትለውም በዚህ አልተሸነፈላትም። ሁለቱን መኝታ ቤት ሰርዞ አንዱን አሰፋው። ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ ጋር አገናኘው፤ ዓሣ እየጠበሰችም ውኃውን እንድታይ። "ቴሌቪዥኑን የት እናድርገው?" ሲላት "ሐይቁ ምን ሆነና?" አለችው። ንድፉ ሲያልቅ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ወጣ። አሰፋሽ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ እንደ ሙሽራ ነበር የምትረግጠው።

ወሬ መቼም እግር አለው። በሳምንቱ ጋሽ ጥዑመልሳን የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ተክለጻድቅን አስከትለው መጡ። ጋሽ ጥዑመልሳን የጦር ሠራዊት ጡረተኛ ናቸው፤ ከእድሩ መሥራቾችም አንዱ ናቸው። ጋሽ ተክለጻድቅ ሰው ሲጣላ የሚያማቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። አሰፋሽ በአጥር ጠርታኝ እኔም መጥቼ ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ጥዑመልሳን አይተውኝ ደስ አላላቸውም፤ እኔም ደስ እንዲላቸው አልመጣሁም።

"አሰፋሽ፣ ሰማን" አሉ። "ግቢውን ልትዘጊው ነው አሉ።"

"ሳሎን ልሠራበት ነው፣ ጋሼ።"

"ኋላስ? አንድ ነገር ቢመጣ ድንኳኑ የት ሊተከል ነው? መንገዱ እንደሆነ ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ወዲህ ካስማ መምታት ክልክል ነው።"

"ምን ቢመጣ ነው? ስሙን ይጥሩት እንጂ።"

ጋሽ ተክለጻድቅ "እግዚአብሔር ያርቀው፣ እግዚአብሔር ያርቀው" አሉ። ጋሽ ጥዑመልሳን ግን ስሙን ጠሩት። "ሞት ነዋ! ሰው አይደለሽም? ሞት ላይቀር መንፈራገጥ ለመላላጥ ነው። ለማን ብለሽ ነው ሳሎን የምታሰፊው? የወንድሜ ቤት ነው፤ ነገ የወንድሜ ወገን ይረከበዋል። አንድ መኝታ ያለው ቤት ለማን ይሆናል? ግቢ የሌለው ቤትስ ቤት ነው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ነገሩ ድንኳን አይደለም። ሰውየው ቤቱን በልባቸው ከተረከቡ ቆይተዋል፤ በራሳቸው ግቢ ላይ እንደሚሠራ ሰው ነው የተቆጡት። ደሜ ፈላ። አሰፋሽ ግን ረጋ ብላ ዓሣ ከሚያቃጥለው ማባያ ከዳጣ ጋር አቀረበችላቸው፤ ጋሽ ተክለጻድቅ በሉ፣ ጋሽ ጥዑመልሳን አልነኩም።

"ጋሼ" አለች፣ "እኛ አገር፣ ኦቾሎ፣ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው የለቅሶ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው የሁሉም ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም እዚያ ነው የሚለቀስለት። ግቢ ውስጥ እንሰት ነው የምንተክለው። ጓሮውም በራፉም በሕይወት ላለ ሰው ነው። ገና በቁሙ ለራሱ ለቅሶ ደጁን ጠርጎ የሚጠብቅ ሰው እኔ አላየሁም። እናንተ ከተማ ስትገቡ ሜዳው ጠፋባችሁና የእኔን ግቢ ሜዳ አደረጋችሁት። ባሌን አለቅሼበታለሁ፤ ይበቃዋል። አሁን ልቀመጥበት።"

"እድሩ ይህን አይቀበልም" አሉ ጋሽ ጥዑመልሳን። "ድንኳን መትከያ ለማይተው አባል ድንኳን የለም፤ ድንኳን ለሌለው አባል እድር የለም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከእድሩ እንድትሰናበቺ አሳብ አቀርባለሁ። ያኔ ማን እንደሚቀብርሽ እናያለን።"

ሰው ለሰው ከዚህ የከፋ ነገር ሊለው አይችልም። እዚህ አገር ስንመራረቅ "ቀባሪ አያሳጣህ" የምንለው በከንቱ አይደለም። ከእድር የወጣ ሰው በቁሙ የተቀበረ ነው። አሰፋሽ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ሰዎቹ ሲወጡ ቁጭ አለችና ያልተነካውን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ "ፈራሁ እንዴ?" አለችኝ። "ፈርተሻል" አልኳት። "አዎ ፈርቻለሁ። ግን ሳሎኑንም አልተውም፣ እድሩንም አልተውም። ሁለቱም የእኔ ናቸው።"

ስብሰባው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። እንደ ልማዱ ግማሹ አባል አልመጣም። ጋሽ ጥዑመልሳን ተነሥተው ስለ ሥርዓት፣ ስለ ወግ፣ አባቶች ስላቆዩት ነገር ብዙ ተናገሩና አሰፋሽ ትሰናበት አሉ። አሰፋሽ ተነሣች፤ ስትቆጣ አማርኛዋ ይደባለቅባታል፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች፤ እዚህ ላይ ያቃናሁት እኔ ነኝ። ማንም ግን አልሳቀም።

"የማንን ለቅሶ ቀረሁ?" አለች። "እስቲ አንድ ሰው ይነሣና አሰፋሽ የእኔን ሐዘን ቀርታለች ይበለኝ። ዓሣዬን ሚዛን ላይ ጥዬ የመጣሁበት ቀን የለም? አንተ፣ እናትህ ስታርፍ ውኃ የቀዳው ማን ነው? አንቺ፣ የልጅሽን አስከሬን ስናወጣ ማን ነው ደግፎ የያዘሽ? እኔ ስሞት መሬት ስጡኝ አላልኳችሁም። መንገድ ዳር አልቅሱልኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አልቅሱልኝ፣ ካልፈለጋችሁም አታልቅሱ። በቁሜ ግን ግቢዬን ልቀቁልኝ።"

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት "እውነቷን ነው" አለች፤ ሌላዋም ደገመች። ጋሽ ጥዑመልሳን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ በሩን በኃይል ዘግተው ወጡ። ጋሽ ተክለጻድቅ ቀስ ብለው "ትሰናበት የሚል?" ብለው ጠየቁ። የተነሣ እጅ ጥቂት ነው። "ትቆይ የሚል?" ሲሉ የእኔ እጅ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ።

ሰው ሊበተን ሲል አሰፋሽ እንደገና ተነሣች። "ሌላ ጥያቄ አለኝ" አለች። "ድንኳኑ ለሰርግም ይሰጣል አይደለም? ለምርቃትም ወስደዋል። እንግዲያው ለእኔም ስጡኝ። ምሰሶው ቆሟል፣ የሳሎኔን ወለል አርማታ የምናፈስበት ቀን ደርሷል፤ የሚያዝያ ዝናብ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም። ሸራችሁ ሰፊ ነው፣ ወለሌ እንዳይበሰብስ ከላይ ይወጠርልኝ። ስሞት ልትተክሉልኝ አልነበር? እያየሁት ይተከልልኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተክለጻድቅ እንኳ በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ተፈቀደላት። ስለዚህ ለጋሽ ጥዑመልሳን ሄዶ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ተሸንፈዋል ብሎ ለእሳቸው መርዶ ነጋሪ ማን ሊሆን!

አርማታው የሚፈስበት ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አመጡ። ብረቱ ከወለሉ ዙሪያ ቆመ፣ ሸራው ከላይ ተወጠረ፣ ጎንና ጎኑም ዝናብ እንዳያስገባ ወረደ። ከመንገድ ለሚያየው ሰው በቤቱ ጎን ከአጥሩ በላይ የሚታየው ያ ሁላችንም የምናውቀው ድንኳን ነው። ይህን እኔም አላሰብኩትም፣ እሷም አላሰበችውም፣ ፋኑኤልም አላሰበውም። ሐሳባችን ሁሉ ሰማዩ ላይ ነበር።

አርማታ ማቡኪያው ሚክሰር ከበሩ አጠገብ መጮኽ ጀመረ። ጠጠር፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ ይገባል፤ አርማታው በጋሪ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። ፋኑኤል ለሠራተኞቹ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግራቸው ነበር። ከተጀመረ በኋላ እስከ መጨረሻው መፍሰስ አለበት፤ መሐል ላይ ከቆመ የቆመበት ቦታ ይሰነጠቃል። አሰፋሽ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ታዛለች።

የመጀመሪያው ጩኸት የተሰማው ረፋዱ ላይ ነው። አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና የዓሣ ሴቶቿ ተግተልትለው ወረዱ፤ ከፊት ሊሻን ናት፣ ከአሰፋሽ ጋር ከጥንት ጀምሮ አብራ የምትሠራው። ሲቀላ ሆነው "አሰፋሽ ግቢ ድንኳን ተተክሏል" ሲባል ሰምተው ነው። ቢላዋቸውን፣ ዓሣቸውን ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ በጋሞኛ እየጠሯት ገቡ። እኔ ከበሬ ወጥቼ "ኧረ አልሞተችም! ኧረ ደህና ናት!" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ሐዘንተኛ ለማረጋጋት የምናገር መስሏቸው እኔንም አቅፈው አለቀሱብኝ።

ሊሻን ሸራውን ገልጣ ስትገባ አሰፋሽ እስከ ክርኗ ሲሚንቶ ተለቅልቃ ቆማለች። ሊሻን ጮኸች፣ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ተወርውራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "ገደልሽኝ! አንቺ ገዳይ!" እያለች ትደበድባታለች፣ ትስማታለች፣ ታለቅሳለች። ሌሎቹም ደርሰው ዙሪያዋን ከበቧት፤ ለቅሶውና ሳቁ አንድ ላይ ሆነ። አሰፋሽ "ወለሌን አትርገጡ!" እያለች እሷም ታለቅስ ነበር። ከጋሽ ሽበሺ ቀብር በኋላ እንባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መጣ፣ ሌላም መጣ፤ እያንዳንዱ እያለቀሰ ገብቶ እየሳቀ ይቀመጣል። ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ውኃ ማቀበል ያዙ።

ጋሽ ጥዑመልሳን የመጡት በዚህ መሐል ነው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል። እውነቱን ልናገር፣ ሳያቸው ሆዴ ራራ። የወንድማቸው ሚስት ናት፣ ደንግጠዋል፣ ይቅር ይባባላሉ ብዬ ልቀበላቸው ወደ በሩ ሄድኩ። እሳቸው ግን አላዩኝም። ለቅሶ የለም፣ ወዮ የለም፣ መቼ አረፈች የለም፣ ምን ነካት የለም። ቀጥ ብለው ወደ ሚክሰሩ ሄዱና እጃቸውን ሰድደው ሞተሩን አጠፉት።

ግቢው ጭር አለ። እስከዚያ በሞተሩ ጩኸት ተውጦ የነበረው የድንኳኑ ሳቅም ተቋረጠ።

"በቃ!" አሉ ለግንበኞቹ፣ በዚያ በሠራዊት ድምፃቸው። "ሴትዮዋ አልፋለች፤ ሥራው ከዚህ ላይ ይቁም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የማዘው እኔ ነኝ። ይህን ያፈሰሳችሁትን ሳይደርቅ ዛቁልኝ፣ ምሰሶውንም አንሡ፤ ለቅሶ ተቀማጭ ይመጣል፣ ግቢው ይጠረግ። አርክቴክት የተባለውም ይምጣ፣ ንድፉን እኔ እነግረዋለሁ።"

ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ፈዘው ቀሩ። እኔ ልናገር ስል የሸራው መጋረጃ ተገለጠ።

አሰፋሽ ወጣች። ሲሚንቶው ፊቷ ላይ ደርቋል፣ ነጭ ሆናለች። ከኋላዋ ሊሻንና ሴቶቹ ተከትለዋት ወጡ፣ ዓይናቸው ገና አልደረቀም። ጋሽ ጥዑመልሳን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና አማተቡ።

እሷ አልጮኸችም። እኔ ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀስ ብላ መጣችና ፊት ለፊታቸው ቆመች።

"ጋሼ" አለች፣ "እዚህ ውስጥ ሆኜ የመጣውን ሰው ሁሉ ድምፅ ሰማሁ። እነዚህ ሲያለቅሱ ሰማሁ። የባጃጁ ልጅ እንኳ ሲያለቅስ ሰማሁ። የእርስዎን ስጠብቅ ነበር።"

ጋሽ ጥዑመልሳን ወደ በሩ ዞሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት፤ መልሰው ለማድረግም ረሱት። በሩን ሲያልፉ ማንም መንገድ አልዘጋባቸውም፣ ማንም አልሸኛቸውም።

አሰፋሽ ወደ ፋኑኤል ዞረች። "ስንት ደቂቃ ቆመ?"

"ብዙም አልቆመም ማዘር። ይያያዛል።"

"እንግዲያው አስነሣው" አለች። የሚክሰሩ ሠራተኛ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ አንዴ አስሎ ተነሣ። እሷም ቦቲዋን እየጎተተች ተመልሳ ድንኳኗ ውስጥ ገባች።